መጀመሪያ መቀመጫዬን

የሰቆጣ ባጃጅ ክላክሱን የሚያስጮኸው መንገድ ለማስለቀቅ ቢሆን ኖሮ ዞር ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። እሱ ግን ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። ከኋላዎ ቀስ ብሎ ይመጣና ጢጥ ያደርጋል። ዝም ሲሉት እኩልዎ ይደርስና አንገቱን ከላስቲክ መጋረጃው ብቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ልውሰድዎት?» ይላል። አይ፣ ደርሻለሁ ይሉታል። ጥቂት እንደተራመዱ ሌላው ከፊት ለፊት ይመጣል። እርስዎ ሽቅብ፣ እሱ ቁልቁል፤ እሱም ጢጥ። ቁልቁል የሚወርድ ባጃጅ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ምን ሊያደርግለት እንዳሰበ እስካሁን አልገባኝም። ምናልባት ሐሳቤን እንድቀይር እየመከረኝ ይሆናል።

አንዱን ልጅ አስቁሜ ሞገትኩት። «ስማኝማ ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ፤ ሁለቱም ይሠራሉ። ለምንድን ነው የምትጠራኝ?» አልኩት።

ልጁ ጨዋ ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ ነው የመለሰልኝ። «ጋሼ፣ ሰው በእግሩ ሲሄድ ካየሁ ወይ ብር አጥቷል ወይ ባጃጅ አጥቷል። እርስዎ ደግሞ ብር ያጡ አይመስሉም።»

ለሙገሳው አመሰገንኩት። መሄድ ፈልጎ የሚሄድ ሰው ግን በልጁ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እየተባለ በሚተረትበት አገር፣ የዛሬ ልጅ እንቁላሉ ገና ሳይፈለፈል «ልውሰድህ?» ሊለው ነው።

በልጁ አልፈርድም። በትልልቆቹ መሐንዲሶች መዝገብም እግረኛ ማለት መኪና እስኪያገኝ ድረስ መንገድ ላይ የሚቆይ ሰው ተደርጎ ነው የኖረው። ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዋን መኪና አዲስ አበባ ያስገቡት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ከተማዪቱ የራሷን የትራንስፖርት ዕቅድ ስታወጣ የቆጠረችው ግን ከነዋሪዋ ጉዞ 54 ከመቶ ያህሉ ዛሬም በእግር መሆኑን ነው። በግል መኪና የሚሄደው ጥቂቱ ነው። መንገዱ ሲሠራ ግን ጥቂቱ ባለቤት፣ ብዙው እንግዳ ሆነ።

ቀለበት መንገድን ያየ ሰው ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም። መኪናው በሜዳ ይፈስሳል፤ እግረኛው በደረጃ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ በደረጃ ይወርዳል። መኪና ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ነው የሚደክመው፤ ሰውየው ግን ራሱ ሞተር ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ድልድዩን ትቶ አጥሩን ዘለለ፤ ተራገመ፣ አለፈ፣ አንዳንዱም ሳያልፍ ቀረ። አንድ ዘመዴ ለፋሲካ በግ ገዝቶ አጥሩን መዝለል ስላልቻለ በጉን ትከሻው ላይ ጭኖ በድልድዩ ተሻገረ። በጉ በሕይወቱ መጨረሻ ሳምንት አዲስ አበባን ከላይ አይቷታል።

የእኛን ከተማ መንገድ መጀመሪያ የለካው ግን ሌላ መሐንዲስ ነው። የዋጓ ሰቆጣ በድሮው ዘመን ስሟ የተጠራው በጨው ገበያዋ ነበር። አሞሌው ከአፋር ምድር፣ ከዚያ ከሚያቃጥለው የጨው ሜዳ ተጠርቦ፣ በጭነት ከብት ዳገቱን ወጥቶ እዚህ ይራገፍ ነበር፤ ከዚህም ወደ ላስታና ወደ ሌላው አገር ይበተናል። በዚያ ዘመን የመንገድ ስፋት የሚለካው በአህያ ነው። ሁለት የተጫኑ አህዮች ተገናኝተው ጭነታቸው ሳይነካካ ከተላለፉ መንገዱ በቃ። ባዶ እጁን የሚሄድ ለተሸከመ ዞር ይላል፤ ይህን የጻፈው የለም፣ የጣሰውም ብዙ አልነበረም።

ትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ለዐሥር ዓመት የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ ማድረጉን ስሰማ እኔ የመሰለኝ በመጨረሻ አህያ ሥራዋ ታወቀላት ነው። ሞተር የላትም። ነዳጇ ገለባ ነው። ጭስ አታወጣም፤ የምታወጣውም ለእርሻ ይፈለጋል። ክላክሷን የምታሰማው ራሷ ስትፈልግ ብቻ ነው። ፈረንጆቹ ያለ ሹፌር የሚሄድ መኪና ለመሥራት ስንት ገንዘብ ሲያፈስሱ፣ የዋግ አህያ ጌታዋ ከገበያ ጠላ ጠጥቶ ሲንገዳገድ እሷ ቀድማ ጭነቱን ቤት አድርሳ በር ላይ ትጠብቀዋለች። ስትራቴጂውን ላነበበ ወዳጄ ይህን ብነግረው «የተባለው ስለ እግረኛና ስለ ብስክሌት ነው» ብሎ አሳፈረኝ።

ስለ ብስክሌት ከሆነ ባሕር ዳርን ይጠይቁ። ሜዳ ናት፣ ዘንባባ አላት፣ በብስክሌት ያደገ ሕዝብ አላት። ሰቆጣ ዳገቷ ሌላ ነው፤ እዚህ ብስክሌት የገዛ ሰው ግማሹን መንገድ እሱ ይጋልባል፣ ግማሹን ብስክሌቱ እሱን ይጋልበዋል። ስለዚህ እኛ የቀረን እግር ነው፤ እግርና አህያ።

ታዲያ ከተማ ሲጨናነቅ መጀመሪያ የሚከለከለው ማነው? አህያ። ቀጥሎ በጭንቅላቷ የተሸከመችው ሴት፣ ቀጥሎ እህል መንገድ ዳር ያሰጣው ሰው። መኪናን «ዛሬ አትግባ» ያለ አስተዳደር በእኛ ዘንድ ገና አላየሁም። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ተረት ከተማ ሲገባ «መኪናውን ፈርቶ አህያውን» ሆኗል።

ቤንዚን ሲጠፋ ግን ከተማዪቱን ማየት ነው። በሃይላንድ እየተቀዳ በጓሮ የሚሸጠውም ሲያልቅ፣ ባጃጆቹ በየአጥሩ ሥር አንገታቸውን ደፍተው ይሰለፋሉ። ያን ቀን ሰው መንገዱን መሐል ለመሐል ይዞ ይሄዳል። ሕፃናት ኳስ ይዘው ይወጣሉ። የቤተ ክርስቲያን ደወል ከወዲያ ጥግ ይሰማል። ጢጥ የሚል የለም። ሰው ሁሉ ስለ ቤንዚን እጥረቱ ምርር ብሎ እያማረረ ደስ ብሎት ይውላል። እኔም አማርራለሁ፤ ብቻዬን ደስ ቢለኝ ነውር ነው።

አሁን የባጃጅን በደል ብቻ እያወራሁ ውለታ በላ እንዳልባል፣ አንድ ሰሞን እግሬን ቁርጥማት ይዞኝ እጄን ለባጃጅ ሰጥቼ ነበር። ፈጠነልኝ፤ ዋጋውም አይጎዳም ነበር። የጎዳኝ ሰላምታው ነው።

የእኛ ሰላምታ አጭር አይደለም። «እንዴት አደራችሁ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሰው ወይ ብድር አለበት ወይ ቤቱ እሳት ይዟል። ሰውየው ይጠየቃል፤ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ያለፈው ወር የታመሙት አማት ሁሉ በየተራ ይጠየቃሉ። ለእያንዳንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል፤ አማት ሞተውም ከሆነ ቀስ ተብሎ ወደ ለቅሶው ይገባል። በእግር የሚሄድ ሰው ከቤቱ እስከ ገበያ ሲደርስ የከተማዋን ወሬ፣ የእህሉን ዋጋ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደታረቀ ይዞ ነው የሚገባው።

በባጃጅ የሄድኩበት ሰሞን ይህን ሁሉ በላስቲክ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ አለፍኩት። ያየሁት የሹፌሩን ጀርባና «ትዕግሥት» የሚል ስቲከር ብቻ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ሽማግሌ በማለዳ ቤቴ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የቡናውን ሁለተኛ ጠጥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፦

«ልጄ፣ ምን ቢበድልህ ነው እንዲህ የዘጋኸው?» አሉኝ።

«ማንን አባባ?»

«ማንን ትላለህ? ጎረቤትህን ነዋ። ጠዋት ጠዋት ከበሩ ቆሞ እያየኸው ታልፈዋለህ አሉ። የአጥሩ ነገር ከሆነ በሽማግሌ ያልቃል።»

የአጥር ነገር እንዳለን ያወቅሁት ያኔ ነው። እኔ ምኑንም አላየሁም፤ ሰውየው ግን እያሰበ እያሰበ የበደለኝን ሁሉ ከልጅነት ጀምሮ ለይቶ አውጥቶ፣ የደበቀውን ተናዝዞ ጨርሷል። ወሰኔን በክንድ ያህል ገፍቶ አጥር ማጠሩን የነገረኝ ራሱ ነው። እርቁ በጠላ አለቀ፤ አጥሩ ባለበት ቀረ። ጎረቤቴም ፍርድ ሰጠ፦ «ከእንግዲህ በባጃጅ ስታልፍ ለልጁ ንገረው፤ በእኔ በር ላይ ሲደርስ ክላክስ ያድርግልኝ። እንደ ሰላምታ እይዘዋለሁ።»

እዚህ ላይ ነው እኔ የመንገድ ነገር የገባኝ። መንገድን የሚሠሩት ሰዎች «ሰው ከዚህ ወዲያ እንዴት ይለፍ?» ብለው ነው የሚጀምሩት። ከማለፉ በፊት የሚደረገው ነገር፣ መቆሙ፣ መጠየቁ፣ መቀመጡ፣ ዕቅዱ ላይ መስመር አልተሰመረለትም።

ዊልያም ኋይት የሚባል አሜሪካዊ ነበር። የኒውዮርክን አደባባዮች በካሜራ እየቀረጸ፣ ሰው የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚያርፍ፣ ፀሐይ ስትመጣ ወዴት እንደሚጠጋ ዓመታት ሲያጠና ቆይቶ በ1980 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ። ከጥናቱ ከወጡት ቁም ነገሮች አንዱ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ቦታ ነው የሚል ነው። እኛ ደግሞ «ዝንጀሮ መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች» ስንል ስንት ዘመናችን! የእኛ ዝንጀሮ ካሜራ ስላልነበራት ስሟ አልተጠቀሰም።

በዋግ ምድር ደግሞ መቀመጫ ቀላል ነገር አይደለም። በትውፊት እንደሚነገረው በ13ኛው መቶ ዘመን የዛጉዌ ነገሥታት ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ ሲለቁ፣ ለወገኖቻቸው ለዋግ ገዢዎች፣ ለዋግሹሞች፣ ከተጠበቁላቸው ክብሮች መካከል በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር መቀመጥና ነጋሪት ማስጎሰም ይገኙበታል። ልብ ይበሉ፤ መንግሥት ሲለቀቅ በምትኩ የተያዘው መቀመጫ ነው። አያቶቻችን ምን እንደሚጠየቅ ያውቁ ነበር።

የእነሱ የልጅ ልጆች ዛሬ በዋና ከተማቸው መንገድ ላይ ቁጭ ለማለት ሻይ መግዛት አለባቸው። ወንበር አለ፤ ግን የሻይ ቤቱ ነው፣ የቡና ቤቱ ነው፣ የጁስ ቤቱ ነው። ሽማግሌ ዳገቱን አጋምሶ ትንፋሹ ሲያጥረው የሚያርፈው ወይ በሰው ደጃፍ ነው ወይ ከፍሎ ነው።

በአንድ ሱቅ ፊት ለፊት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረ። ማን እንዳኖረው አይታወቅም፤ መሐሉ በሰው መቀመጫ ተልጎ ለስልሶ ነበር። ከጧት ፀሐይ ጀምሮ አባቶች እየተፈራረቁ ይቀመጡበታል። አላፊ አግዳሚውን ይመርቃሉ፣ ያጠፋውን ይቆጣሉ፣ ከትምህርት ቤት የቀረውን ልጅ ስሙን ጠርተው ይመልሳሉ። ሌባ እዚያ አካባቢ ሥራ አልነበረውም። መንገዱ ሊሰፋ ሲቆፈር ድንጋዩ ከፍርስራሹ ጋር ተጭኖ ሄደ። መንገዱ ተዋበ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ጭብጨባ ሆነ። ከአባቶቹ አንዱ ከምረቃው በኋላ መጥተው ቦታውን በከዘራቸው ነካ ነካ አድርገው፦ «ጎሽ፣ ሰፊ ነው። ለመሄድ ነው እንጂ ለመኖር አይደለም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቦታውን የወረሱት ባጃጆች ናቸው። ተርታቸውን ጠብቀው ይቆማሉ። ሹፌሮቹ የሚቀመጡት በገዛ ባጃጃቸው ውስጥ ነው። ነገሩን ካየነው፣ በመንገዱ ላይ መቀመጫ ያላቸው እነሱ ብቻ ናቸው። «ልውሰድዎት?» የሚሉት ምናልባት አዝነውልን ይሆናል።

ይህ የሽማግሌዎች ምቾት ብቻ ቢሆን ባላነሳሁት። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር አጠፋለሁ ብሎ ቃል ሲገባ ቃሉን በከተማችን ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው። ቃል ኪዳኑ እንዲፈጸም የተቀጠረው ጊዜ በፈረንጅ 2030 ነው። በሰቆጣ ስም ቃል የተገባላት እናት ልጇን አዝላ ከገጠር በእግሯ ስትመጣ፣ ጡት ልታጠባው ጥላ ሥር የምትቀመጥበት አግዳሚ ማግኘት አለባት ብል ከቃል ኪዳኑ የወጣሁ አይመስለኝም። አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ዋንዛ። ለዚህ ጉባኤ መጥራት አያስፈልግም።

መንገድን ለሰው መስጠት ደግሞ አያቅተንም፤ በየዓመቱ እናደርገዋለን። ነሐሴ 16 የሻደይ በዓል ሲገባ ልጃገረዶቹ የሻደዩን ለምለም ሣር ከወገባቸው አሥረው፣ ከበሮውን ይዘው ሲወጡ የትኛው ባጃጅ ነው ጢጥ የሚለው? ሞተሩን አጥፍቶ ዳር ይይዛል፤ ሹፌሩም ይወርዳል፤ እኅቱ ከጨዋታው ውስጥ ናት። በጥምቀት ታቦት ሲያልፍም እንደዚያው። በቀብርም እንደዚያው፤ ሬሳ ተሸክሞ በሚሄድ ሕዝብ ላይ ክላክስ የሚያደርግ ሰው በዚህ አገር መኖር አይችልም። ለሻደይ፣ ለታቦትና ለሙት መንገድ እንለቃለን። ችግሩ ማክሰኞ ጧት ሽንኩርት ሊገዛ ለወጣ ሰው ነው።

አዲስ አበባ ይህንኑ በቀጠሮ ለማድረግ ሞክራለች። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ማብቂያ ላይ «መንገድ ለሰው» ተብሎ አንድ እሑድ መኪና ተከለከለና ሕዝቡ አስፋልቱ ላይ ወጣ። ሮጠ፣ ዘለለ፣ ልጆች ተሽከርካሪ ጫማ አደረጉ። በወር አንድ እሑድ እንዲቀጥል ተባለ። ኪጋሊም እንዲህ ያለ እሑድ አላት። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ግን ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየእሑዱና በየበዓሉ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌት እየለቀቀች ኖራለች። የኮፐንሃገን ነጋዴዎች በ1962 እ.ኤ.አ. ዋናው የገበያ መንገዳቸው ለመኪና ሲዘጋ «ደንበኛ ይርቀናል» ብለው አጉረመረሙ፤ ዛሬ ያ መንገድ በገዢ ይጨናነቃል። መኪና ዕቃ እንደማይገዛ፣ የሚገዛው ከመኪናው የወረደው ሰው እንደሆነ እያደር ገባቸው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት መጣ። እውነት ለመናገር፣ በአዲስ አበባ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ አግዳሚ ወንበርና መብራት ተሠርቷል፤ ያየ ሁሉ ያየው ነው። ከፒያሳ የተነሣው ነዋሪ ግን ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተወስዷል። ወንበሩ መጣ፣ ተቀማጩ ሄደ። አንዲት በዚያ ያደጉ እናት ልጃቸው ወስዶ አዲሱን መንገድ ቢያሳያቸው፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ግራ ቀኝ አይተው «ያምራል፤ ማንን ነው የምጠይቀው?» አሉት ይባላል። ኮሪደሩ ወደ ክልል ከተሞችም እየወረደ ነውና ለእኛም ሲመጣ ይህን ጥያቄ ይዞ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነው። አዲሱ ፕላን በማዘጋጃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ፣ የመኪናው መስመር ከመሰመሩ በፊት አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ሽማግሌዎቹ የት ይቀመጣሉ?» ይበል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ እግረኛ መንገዱ መሐል አይተከል፤ የፍሳሽ ቦይ ክዳን ይኑረው። አህያም የምታልፍበት ይታሰብላት፤ የጨው መንገዱን ያቀናችው እሷ ናት። ባጃጁም ይኑር፤ ቁርጥማት ለያዘው ሰው፣ ምጥ ለያዛት ሴት፣ ኩንታል ለገዛ ሰው ባለውለታ ነው። ብቻ ለሚሄድ ሰው ክላክስ አያድርግ። መሄድ የፈለገ ሰው ይሄዳል፤ መሳፈር የፈለገ እጁን ያነሣል።

ማዘጋጃ ቤቱ እስኪሰማን ድረስ ደግሞ እርስዎ ከበርዎ ፊት ለፊት ጠፍጣፋ ድንጋይ ካለ አያንሱት። ከሌለ ያኑሩ። እስከ ዛሬ ለዚህ ፈቃድ የጠየቀ የለም፤ ቢጠይቁዎት የውሃ ልክ ነው ይበሉ።